ሹማምንቱን መሬት ያስቀመጠችው ኤልማ

በረሃ መሃል ባለችው ትንሽ ሰፈር፣ በዋርካላ፣ መኪና የሚነዳ ሞልቷል፤ ደረቁን ወንዝ ሳይሰምጥ የሚሻገር ግን ኤልማ ናት። ጎረምሶቹ ጎማቸው አሸዋ ውጦት ሞተር ሲያስጮሁ እሷ ከኋላ ትደርሳለች። የጎማዋን ነፋስ ቀነስ አድርጋ፣ መሪውን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ «አይዟችሁ፣ እስከ ማታ ትወጣላችሁ» እያለች እልፍ ትላለች። ከዚያ ተመልሳ በገመድ ትጎትታቸዋለች፤ ሳትሰድባቸው ግን አትጎትትም። አባቷ በአንድ የከብት እርባታ ከብት ነጂ ነበሩ። በዘጠኝ ዓመቷ ጭነት መኪና ላይ አውጥተው፣ እግሯ ፍሬን አልደርስ ቢል እንጨት አስረውላት ነው መንዳት ያስተማሯት።

በክሊኒኩ ሥራ ያስገኘላትም ይኸው ሙያዋ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሐኪም ታመጣለች፣ በሽተኛ ታደርሳለች፣ ለሽማግሌዎች ምሳ ታዞራለች። እኩዮቿ በወገን ስሟ «ናንጋላ» ይሏታል፤ ልጆቹ ደግሞ ቢዛመዷትም ባይዛመዷትም «አክስቴ» ነው የሚሏት።

በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የእህቷን ልጅ ቀበረች። በዚያ አገር የእህት ልጅ የራስ ልጅ ነው፤ እሱም ሁለቱንም ሴቶች «እማ» ብሎ ነበር የሚጠራቸው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ሴቶቹ ከመኪና ጣሪያ ላይ ሆነው ጥሩንባ የሚነፉለት ልጅ። ስሙን እዚህ አናነሳም። የሞተ ሰው ስም አይጠራም፤ ስሙን የሚጋሩ ሁለት የሰፈሩ ወንዶችም ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ ስም ነው የሚጠሩት። በበሽታ አልሞተም፤ በመኪና አደጋም አልሞተም። ራሱን አጠፋ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዋርካላ እንዲህ ያለ ለቅሶ ስትቀመጥ ሦስተኛዋ ነበር።

ለቅሶው አምስት ሳምንት ፈጀ። ሰዉ ቤቱን ዘግቶ፣ ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ፍራሽ ዘርግቶ ተቀመጠ። ኤልማ እህቷን ደግፋ ስለዋለች ለራሷ የምታለቅስበት ጊዜ አላገኘችም። አንድ ነገር ግን አለቅሽም አላት። ከመሞቱ ዐሥር ቀን በፊት ልጁ መንገድ ላይ አስቁሟት፣ «እማ፣ እስኪ ወደ አባቶቻችን ኩሬ ውሰጂኝ» ብሏት ነበር። የክሊኒክ መኪና ለሽርሽር አይሆንም ተብሏልና «ነገ እናያለን» ብላው አለፈች።

ከለቅሶው በኋላ ከከተማ የሥነ ልቦና ባለሙያ መምጣት ጀመረ፤ በየስድስት ሳምንቱ፣ በትንሿ አውሮፕላን፣ ለአንድ ቀን ተኩል። ጥሩ ሰው ነበር። የተሰጠው ክፍል በር ግን ከክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ነው። ማን እንደገባ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ዐይኑ ቀልቶ ይውጣ አይውጣ፣ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት አሮጊቶች አንድም አያመልጣቸውም። ሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ወደ ማረፊያው ስትሸኘው ኤልማ ጠየቀችው።

«ዛሬ ስንት ሰው አናገርክ?»

«ማንንም።»

«ትናንትናስ?»

«ነርሷን።»

ኤልማ ሳቀች። እሱም ሳቀና ወዲያው አፈረ።

«ልጄ፣ አንተ ምንም አላጠፋህም» አለችው። «እዚህ ሰው በር ተዘግቶበት ሆዱን አይዘረግፍም። እኛ የምናወራው እንጨት ስንለቅም ነው፤ አርጃኖ ከጉድጓዱ ቆፍረን ስናወጣ፣ ጎማ ስንቀይር። ያኔ አፋችን አይዘጋም።»

«ታዲያ ለምን እርስዎ አይወስዷቸውም?» አላት።

ሰውዬው ይህን ያለው እንደ ዋዛ ነው። አውሮፕላኗ ተነስታ አቧራው እስኪሰክን ኤልማ እዚያው መሪው ላይ ተደግፋ ቆየች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ምክር ቤት ነዳች።

ምክር ቤቱ ማመልከቻ ጻፈ፤ ከመንግሥት ቢሮ የአንድ ዓመት ገንዘብ ተፈቀደ። የተገኘው አንድ ያረጀ መኪና፣ ናፍጣና የሁለት ሴቶች ግማሽ ደሞዝ ነበር። ሁለተኛዋ ሴት ኢዲት ናት፤ የኤልማ የካርታ ጨዋታ ጓደኛ፣ ድሮ በትምህርት ቤት ረዳት የነበረች፣ ጆሮዋ ትንሽ የሚከብዳት። ሥራቸው ለሚያይ ሰው ሥራ አይመስልም። ልቡ የከበደውን ሰው ከቤቱ ያነሱታል፤ ሽማግሌው ባርኒ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ አባቶቻቸው ወደ ኖሩበት አገር ይነዳሉ። እዚያ የካንጋሮ ጭራ ፍም ውስጥ ይቀበራል፣ ቂጣ በአመድ ይጋገራል፣ ሻይ በጣሳ ይፈላል። ባርኒ ፈዋሽ ናቸው፤ የደከመውን ሰው ደረቱንና ጭንቅላቱን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «መንፈስህ ወጥቶ ራቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ቆይ እናመጣዋለን» ይሉታል። ማንም ማንንም «ንገረኝ» አይልም። የሚነገረው ራሱ ይመጣል፤ አንዳንዴ በሁለተኛው ቀን፣ አንዳንዴ በአራተኛው ጉዞ።

ከከተማ የሚመጣው ባለሙያም አብሮ መውጣት ጀመረ። ክፍሉን ቆልፎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቂጣ ያቦካል። ቂጣው አይበላም ነበር፤ ሰው ግን አጠገቡ ተቀምጦ ያወራው ጀመር።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ገንዘቡ በየዓመቱ «ይቀጥላል፣ አይቀጥልም» እየተባለ። ከዚያ የዴንዚል ነገር መጣ።

ዴንዚል የኤልማ ልጅ የሻርሊን ባል ነው። አማትና አማች ደግሞ አይነጋገሩም፤ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ በአንድ መኪና አይሄዱም። በመካከላቸው ጥል የለም፤ ክብር ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ኤልማ ሱቅ ስትገባ ዴንዚል በሌላው በር ይወጣ ነበር። ግን ከአደን ሲመለስ የተሻለውን ሥጋ በሻርሊን እጅ ሳይልክላት ቀርቶ አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻርሊን ባዶ እግሯን እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ ዴንዚል ኮርቻውን ለአጎቴ ልጅ ሰጠው።»

«ሸጠው ነው?»

«ሰጠው! ጊታሩንም ሰጥቷል። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ አይበላም። ትናንት ደግሞ ውሻዋን ‹ካንቺ ጋር ትሁን› አለኝ። ከእኔ ጋር አይደለች እንዴ የምትኖረው? ምን ማለቱ ነው?»

ኤልማ ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት። ቁልፏን አነሳች። ባርኒ ግን በዚያን ሳምንት ሌላ ሰፈር ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ የዴንዚልም አጎቶች አብረው ሄደዋል። ሊያናግረው የሚገባው ወንድ ሁሉ ሩቅ ነው። ሻርሊንን «ነርሷን ጥሪ፤ ለባርኒም ደውዪ» ብላ ልካ፣ ኢዲትን ጭና ሄደች። ወግ ወግ ነው፤ «ነገ እናያለን» ግን ሁለተኛ ከአፏ አይወጣም።

ዴንዚል ከቤቱ ጀርባ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ነበር። ኤልማ ሻሿን እስከ ዐይኗ ስባ፣ ከግንቡ ማዶ፣ ጀርባዋን ወደ እሱ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ኢዲት በማዕዘኑ ላይ፣ ሁለቱንም የምታይበት ቦታ ያዘች፤ ቃል አቀባይ እንድትሆን።

«ኢዲት፣ ‹ምግብ በልቷል ወይ?› በዪው።»

«ምን?»

«ምግብ!»

«ምድጃ? የምን ምድጃ?»

ከግንቡ ማዶ ሳቅ የሚመስል ትንፋሽ ተሰማ። ኤልማ በኢዲት ተስፋ ቆረጠች። በዚህ መሃል የዴንዚል ውሻ ዞራ መጥታ ኤልማ እግር ሥር ተጋደመች።

«ውሻዬ» አለች ኤልማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «ለዚያ ሰው ንገሪው። ይህች አሮጊት ዛሬ ሥራ የላትም በዪው። ነገም የላትም።»

ዴንዚልም ለውሻዋ መለሰ። «መልካም ሴት ናቸው በያቸው። ግን በከንቱ ነው የሚደክሙት።»

ኤልማ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ ያንን ልጅ ያልጠየቀችውን ጥያቄ ጠየቀች። «ውሻዬ፣ ራሱን ሊያጠፋ ያስባል ወይ? ብለሽ ጠይቂልኝ። በግልጽ። አልቆጣም በዪው።»

ውሻዋ ጆሮዋን አከከች። ኢዲት እንኳ በዚህ ጊዜ ሰምታ ነበር።

«አዎ በያቸው» አለ ዴንዚል።

ሰውየው ሲያለቅስ ኤልማ አልዞረችም። ጀርባዋን እንደሰጠች ቀኑን ሙሉ ዋለች፤ ጥላው ሲዞር አብራ እየዞረች። ስለ ዝናብ፣ ስለ አባቷ ፈረሶች፣ ሻርሊን በሕፃንነቷ ጉንዳን ስለ መብላቷ ለውሻዋ አወራች። ነርሷ መጣች፤ ከባለሙያውም ጋር በስልክ አገናኘችው። ብቻውን የተተወበት ሰዓት አልነበረም፤ ኤልማም እስከ ሐሙስ በየጠዋቱ እየተመለሰች ከግንቡ ማዶ ተቀመጠች። ረቡዕ ማታ ባርኒ ደረሱ፤ ሐሙስ ከአጎቶቹ ጋር ሆነው ወደ ኩሬው ይዘውት ወጡ። ሦስት ሳምንት ቆዩ። ሲመለስ ከስቶ ነበር፤ ግን ኮርቻውን መልሶ ለመጠየቅ አፍሮ፣ ሻርሊንን ላከ። «መልሱልኝ በያቸው» አለ አሉ። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ እንደ ሠርግ ነው የሳቀው።

በዚያው ወር ደብዳቤ መጣ። የአካባቢው አገልግሎት በጠቅላላ በከተማ ላለ አንድ ትልቅ ድርጅት ተሰጥቷል፤ የዋርካላ ገንዘብ አይታደስም ይላል። ባለሙያው ሌላ ቦታ ተዛወረ። በምትኩ ድርጅቱ አንዲት ወጣት ላከ፤ ቅን ልጅ ነበረች። በአዳራሹ ወንበር በክብ ደረደረች፤ ስም እየጠራች ሰው አስቀመጠች። ኤልማ ዘግይታ ስትገባ ክፍት የነበረው ወንበር በትክክል ከዴንዚል ፊት ለፊት ያለው ነው።

«ይቀመጡ፣ እዚህ ሁላችንም አንድ ነን!» አለቻት ልጅቷ።

ኤልማ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። ዴንዚል በሩ በአማቱ ስለተያዘ በመስኮት ዘለለ። አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነ ሰው ነው፤ መጋረጃውን ይዞት ሄደ። ሰዉ ሲንከተከት ልጅቷ እንባዋ መጣ። ኢዲት ጀርባዋን እየዳበሰች አጽናናቻት፤ ልጅቷ በሪፖርቷ ላይ ግን «አንድ ተሳታፊ ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነም» ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ወር ቤተሰቧ ናፈቃትና ወደ አገሯ ተመለሰች። ሌላ ሰው አልመጣም።

ኤልማ ያለ ደሞዝ ቀጠለች፤ ስምንት ወር። ሴቶቹ ሥዕላቸውን እየሸጡ ናፍጣ ይሞሉላት ነበር። በዚህ መካከል ከመንግሥት ቢሮው ሌላ ወረቀት መጣ፦ ኃላፊዎቹ ከተማ ላይ ሕዝብ ያነጋግራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰፈር ዐሥር ደቂቃ ተመድቧል። ኤልማ ስልክ አነሳች። ዐሥራ አንድ ጊዜ ደውላ በዐሥራ ሁለተኛው ራሷ ኃላፊዋ፣ ካትሪዮና የምትባል ሴት፣ አነሳችው።

«ከዚህ እዚያ ለመድረስ ስድስት ሰዓት እነዳለሁ» አለቻት ኤልማ። «ለዐሥር ደቂቃ።»

«እረዳለሁ እናቴ፤ መርሐ ግብሩ ግን ወጥቷል። ታዲያ ምን እንዲደረግ ይፈልጋሉ?»

«እንድትመጪ።»

«እኔ?»

«አዎ። ምሳ አለ።»

ካትሪዮና ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መጣች፤ ለሁለት ሰዓት ብላ። ኤልማ ከማረፊያው ተቀበለቻቸውና የምክር ቤቱን ቢሮ አልፋ ነዳች።

«ቢሮው ያ አልነበረም?» አለች ካትሪዮና።

«እሱ የናንተ ነው። የኛ ቢሮ ወደፊት ነው።»

ደረቁን ወንዝ ተሻግራ ከትልቁ ዛፍ ሥር አቆመች። ሴቶቹና ወንዶቹ በየወገናቸው ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ጭራው ፍም ውስጥ ነው። ወንበር የለም። ኃላፊዎቹ በንጹሕ ልብሳቸው ግራ ተጋብተው ቆሙ፤ ኢዲት አሸዋውን መታ መታ አደረገችላቸው። «ተቀመጡ፤ አይናከስም።» ተቀመጡ። አብራሪውም ጭራ ሳይበላ እንደማይነሳ አስታወቀ።

ካትሪዮና ወረቀቷን ዘረጋች። «ባለፈው ዓመት ስንት ሰው አገለገላችሁ?»

ኤልማ መልስ ልትጀምር ስትል ከወንዶቹ መካከል ዴንዚል ተነሳ። ሳታስበው ሻሿን ስባ ጀርባዋን ዞረች። እሱም ጀርባውን ሰጣት። ካትሪዮና ሁለቱን አየችና ለኢዲት፣ «ተጣልተዋል?» ብላ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች።

«ይዋደዳሉ» አለች ኢዲት፣ አገር እስኪሰማ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አለ ዴንዚል። «እኚህ ሴት አማቴ ናቸው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ፊታቸውን አላውቀውም። ባለፈው ዓመት መሞት ፈልጌ ነበር። ሐኪም በየስድስት ሳምንቱ ይመጣል፤ እኔ የባሰብኝ ግን ማክሰኞ ነበር። እሳቸው ያን ማክሰኞ መጡ። ረቡዕም ነበሩ። ሐሙስም። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው በውሻ አናገሩኝ።» ትንሽ ሳቅ ተሰማ፤ እሱም ፈገግ አለ። «ከከተማ የመጣችው ልጅ ክፉ አልነበረችም። ግን ማን ለማን ምን እንደሆነ ለማወቅ ወይ እዚህ መወለድ፣ ወይ እዚህ ማርጀት ነው። እኔ በሕይወት አለሁ። ወረቀትሽ ላይ ይህን የምትጽፊበት ቦታ ካለ ጻፊው።»

ተቀመጠ። ማንም አላጨበጨበም፤ እዚያ እንዲህ ላለ ነገር አይጨበጨብም። ሽማግሌው ባርኒ ብቻ «እእ» አሉ፣ ረዘም አድርገው። ኤልማ ወደ ወንዙ ዞራ እንደተቀመጠች እንባዋ ወረደ። በዕድሜዋ ብዙ ጊዜ ተመስግና ነበር፤ ለምግቧ፣ ለመንዳቷ። እንደዚህ ግን ደረቷ ሞልቶ አያውቅም።

«አታልቅሺ» አለቻት ኢዲት፤ «ሻዩን ጨው በጨው አደረግሽው።»

ኤልማ ፊቷን ጠርጋ ወደ እንግዶቹ ተመለሰች። ዴንዚል ወደ እሳቱ ማዶ ሄዶ ነበር። «አሁን የምንፈልገውን ልንገርሽ» አለቻት ለካትሪዮና። «አምስት ዓመት፤ በየዓመቱ መርበትበት ሰልችቶናል። ሁለት መኪና፤ አንዱ የወንዶች፣ አንዱ የሴቶች። ሠራተኛውን የምንመርጠው እኛ። ሐኪሙም ይምጣ፤ እንፈልገዋለን። ግን ከኛ ኋላ ይሂድ።»

«ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

«ቃል አልጠየቅኩሽም። ጻፊው።»

ካትሪዮና ጻፈች።

«አንብቢልኝ።»

«‹ማኅበረሰቡ የባህል ጉዞ መርሐ ግብሩ እንዲቀጥል...›»

«የባህል ጉዞ አይደለም» አለች ኤልማ። «ጎብኚ የምናዞር መሰለሽ? ሕክምና ነው። ሕክምና በዪ።»

ካትሪዮና ሰረዘች። «ሕክምና» ብላ ጻፈች፤ አዙራም አሳየቻት። አውሮፕላኗ የተነሳችው በሁለተኛው ሳይሆን በስድስተኛው ሰዓት ነው፤ ሦስቱም ሱሪያቸው ቀይ አሸዋ ሆኖ።

መልሱ አራት ወር ፈጀ፦ ሦስት ዓመት፣ አንድ መኪና። ምክር ቤቱ ጮቤ ረገጠ። ኤልማ ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብባ ሰማችና ስልኩን አነሳች። «ካትሪዮና፣ ሦስትን ከአምስት ስንቀንስ ሁለት ይቀራል። የቀረው መቼ ነው?» በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ ትደውል ነበር። የቢሮው ሠራተኞች ድምፅዋን ለዩት፤ «ኤልማ ናት» እየተባባሉ ስልኩን ይቀባበሉት ነበር አሉ። በዓመቱ ሁለተኛው መኪና መጣ፤ የቀረው ሁለት ዓመትም ተፈቀደ። የወንዶቹን መኪና እንዲይዝ የተመረጠው ዴንዚል ነው። ኤልማ ሹመቱን በሻርሊን በኩል ሰማች፤ «ወንዙን ሲሻገር የጎማውን ነፋስ ይቀንስ በዪው» ብላም ላከችበት።

ከዚያ ወዲህ በዋርካላ እንዲያ ያለ ለቅሶ አልተቀመጠም። ሰዉ ይህን ጮክ ብሎ አያወራም፤ ይፈራል። የከፋው ሰው ግን አሁንም አለ፤ ሌሊትም ሆነ እሑድ የማን በር እንደሚንኳኳ ያውቃል።

ባለፈው ክረምት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ሌላ ሰፈር መልእክት መጣ። እዚያ ሁለት ወጣት ቀብረዋል፤ ሴቶቹ እንዴት እንደሚጀመር ሊጠይቋት ፈልገዋል። ኤልማ ስድሳ ዓመት ሞልቷታል፤ ጉልበቷን ያማታል። ኢዲትን፣ ሁለት ጀሪካን ውሃና አንድ ከረጢት ዱቄት ጭና በማለዳ ወጣች። ሴቶቹ ከሱቁ በረንዳ ሥር ተኮልኩለው ይጠብቋት ነበር። ከመካከላቸው አንዷ፣ ልጇን የቀበረችው፣ ገና ከመኪና ሳትወርድ ጠየቀቻት።

«ናንጋላ፣ እኛ እኮ የተማርን አይደለንም። ማን ይሰማናል?»

«እኔስ የት ተማርኩ?» አለቻት ኤልማ፣ እጇን ዘርግታላት። «ነይ፣ ደግፈሽ አውርጂኝ። ከዚያ ስልኩን እንዴት እንደምትይዢው አሳይሻለሁ።»

ለአንድ ቀን ብላ ሄዳ አምስት ቀን ቆየች።